ሲግል የማይልፈሰፈስ መዳብ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ላሜራ በስፖት ብየዳ የሚያያይዝ ባለሙያ የኤሌክትሮዱ (ላሜራውን ጨምቆ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የመዳብ ዘንግ) ጫፍ ተደፍጥጦ፣ ጠርዙ ወደ ጎን ተዘርግቶ ሲያገኘው ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው ማሽኑን ነው። መዳቡንም ይመርምር። ለእንዲህ ያለው ግለት በደቃቅ ሴራሚክ፣ በተለይ በአሉሚና (በአሉሚኒየም ኦክሳይድ) የተጠናከረ መዳብ አለ፤ እሱም ግን በአያያዝ ይበላሻል።

ቀዝቃዛውን ለክቶ መግዛት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። በቀዝቃዛው ተስቦ የጠነከረ ንጹሕ መዳብ ሲለካ ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ ከ200 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ግን ይላላል፣ ቢቀዘቅዝም ጥንካሬው አይመለስም። ክሮሚየምና ዚርኮኒየም ያለው ቅይጥ ይሻላል። ሆኖም እሱን የሚያጠነክሩት 450–480 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት ሲቆይ የተፈጠሩ ቅንጣቶች ናቸው፤ ከ500 በላይ ከቆየ ይገዝፋሉ፣ ይራራቃሉ፣ መዳቡም ይለሰልሳል። አሉሚና መዳብ ውስጥ ስለማይሟሟ ደቃቅነቱን ይዞ ይቆያል። ለማጣራት ቁራጭ ወስደው ጥንካሬውን ይለኩ፤ 600 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ሲቀዘቅዝ የጠቆረውን ቅርፊት ሞርደው እንደገና ይለኩ። የአሉሚናው ቁጥር እምብዛም አይወርድም፣ የሌላው በግልጽ ይወርዳል።

ይህ ፈተና መለስለሱን እንጂ በግለት ላይ እያለ ያለውን ጥንካሬ አይነግርም። ለዚያ ናሙናው እንደጋለ፣ ከመዳብ ጋር በማይዋሃድ ጋዝ፣ በአርጎን ውስጥ መሳብ አለበት፤ አየር ካገኘው እየተቀረፈ ይሳሳና ውጤቱ ያሳስታል። ጭነቱ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ከሆነ በዝግታ ይሳብ፤ በፍጥነት የተሳበ ከእውነተኛው በላይ ጠንካራ ይመስላል።

ሴራሚክ ሲበዛ ይጠነክራል ብሎ ማሰብ። ገበያ ላይ ያለው የአሉሚና መዳብ በክብደት ከ0.3 እስከ 1.1 በመቶ ብቻ አሉሚና ይይዛል፤ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም ከመደበኛው መዳብ ጋር ሲነጻጸር፣ አሉሚናው በጨመረ ቁጥር ከ92 በመቶ ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። ጥንካሬው የሚመጣው 10 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑ ቅንጣቶች ተቀራርበው በክሪስታሉ ውስጥ የሚንሸራተቱትን የጉድለት መስመሮች መንገድ ስለሚዘጉ ነው። በጅምላ የተከመረ ሻካራ ዱቄት ይህን አይሠራም፤ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል እንጂ። ክብደትና ይዘትም አይምታታ፦ በክብደት 1 በመቶ አሉሚና በይዘት 2.2 በመቶ ያህል ነው።

ማቅለጥ። አሉሚና በሴንቲሜትር ኩብ 3.95 ግራም፣ መዳብ 8.96 ግራም ይመዝናሉ፤ የቀለጠ መዳብም አሉሚናን አያርሰውም። ስለዚህ ዱቄቱን ወደቀለጠው መዳብ ጨምሮ ማማሰል ትርፉ ከላይ የሚንሳፈፍ ቆሻሻ ነው። ትክክለኛው መንገድ ጥቂት አሉሚኒየም ያለበትን የመዳብ ዱቄት ከመዳብ ኦክሳይድ ጋር 900 ዲግሪ አካባቢ አሙቆ አሉሚኒየሙን እዚያው ውስጡ ወደ አሉሚና መለወጥ፣ ከዚያ በኃይል ጨምቆ ዘንግ ማውጣት ነው። በዚሁ ምክንያት የተሰበረውን አቅልጦ መበየድ መገጣጠሚያውን ተራ መዳብ ያደርገዋል። በብር ማጣበቂያ የሚያያይዙት ከሆነ ፊቱን አስቀድመው በመዳብ ያልብሱት፤ አለበለዚያ ማጣበቂያው በመዳቡ ክሪስታሎች ድንበር ሰርጎ ይገባል።

በሃይድሮጂን ማሞቅ። ያልተለወጠ የመዳብ ኦክሳይድ ከቀረ ሃይድሮጂኑ ውስጡ እንፋሎት ይሠራና መዳቡ እንደ ፊኛ ያብጣል።

ውሃውን መርሳት። የጋልቫናይዝድ ላሜራ ዚንክ ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ የኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ናስ ይሠራል፤ አሉሚናም አያስቀረውም፣ የሚያዘገየው ማቀዝቀዝ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ ክፍት ጋን ውስጥ ያለ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ማቀዝቀዣውን ውሃ ወደ ኤሌክትሮዱ የሚያስገባው የውስጥ ቱቦ እስከ ጫፉ መድረስ አለበት። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማታ ውሃውን ያፍስሱ፤ ጠዋት ኤሌክትሪኩን ከመልቀቅዎ በፊት ውሃው በመውጫው ሲፈስ በዓይንዎ ይዩ።