የእሽቅድምድም ባዝራ መዝገብ እንዴት ይነበባል? በዳንስ ስማርትሊ እንየው

ከመጀመሪያው መስመር እንነሳ። በ1988 የተወለደችው ካናዳዊቷ ቶሮብሬድ (ለእሽቅድምድም የሚራባ የፈረስ ዝርያ) ዳንስ ስማርትሊ መዝገቧ «17፦ 12-2-3» ይላል፤ 17 ጊዜ ሮጣ 12 ጊዜ አንደኛ፣ 2 ጊዜ ሁለተኛ፣ 3 ጊዜ ሦስተኛ ወጥታለች። ሦስቱን ደምሯቸው። ድምሩ 17 ከሆነ ከሦስተኛ በታች ወጥታ አታውቅም ማለት ነው። እንዲህ ያለ መዝገብ ብርቅ ነው።

ቀጥሎ በዓመት ከፋፍሉት። በጥቅሉ ያሸነፈችው 71 በመቶ ገደማ ነው። በ1991 ግን 8 ሮጣ 8ቱንም አሸነፈች፤ በቀሩት 9 ሩጫዎች ያሸነፈችው 4 ጊዜ ነው። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው ይህን ታላቅ ዓመት ያልፈዋል።

ከዚያ ርቀቱንና መሙን ጎን ለጎን ጻፉ፤ ዋናው ሥራ ይህ ነው። በ1991 የካናዳን ሦስትዮሽ ዘውድ፣ ማለትም ሦስት ውድድሮችን በአንድ ዓመት ላሸነፈ የሚሰጠውን ክብር፣ የወሰደችው እንዲህ ነበር፦ ኩዊንስ ፕሌት በዉድባይን፣ 2,000 ሜትር ገደማ፣ በአፈር፤ ፕሪንስ ኦፍ ዌልስ በፎርት ኢሪ፣ 1,900 ሜትር ገደማ፣ በአፈር፤ ብሪደርስ ስቴክስ እንደገና በዉድባይን፣ 2,400 ሜትር ገደማ፣ በሳር። ብዙ ጎበዝ ፈረስ የሚሰናከለው በሦስተኛው ነው፤ ርቀቱ ይረዝማል፣ የሚረገጠውም ይለወጣል። ዘውዱን ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ወሰደች። በዚያው ዓመት በአሜሪካው ቸርችል ዳውንስ የብሪደርስ ካፕ ዲስታፍን፣ የሴት ፈረሶችን ትልቅ ውድድር፣ ጨመረች። በአገሯ ብቻ ያሸነፈችን ባዝራ ውጭ ወጥታ ካሸነፈች የሚለየው የመሙ ዓምድ ስለሆነ አትዝለሉት።

የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። በካናዳና በአሜሪካ ፈረሱ በዓመቱ መቼም ይወለድ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጥር 1 በፈረንጆች ነው። ኩዊንስ ፕሌት ከ2023 ጀምሮ ኪንግስ ፕሌት ተብሏል፤ ስሙን ብቻ ካያችሁ ሁለት ውድድር ይመስላችኋል። የሽልማት ገንዘብ ስታወዳድሩ ደግሞ የካናዳውን ዶላር ከአሜሪካው አትደምሩ።

መዝገቡ ሩጫ ስታቆም አይዘጋም፤ የባዝራ ግማሽ ሥራዋ ውርንጭሎቿ ናቸው። ስካተር ዘ ጎልድ በ2000፣ ዳንስ ስሩ ዘ ዶውን በ2001 ኩዊንስ ፕሌትን አሸነፉ፤ ሁለቱም የእሷ ልጆች፣ አባታቸውም ሚስተር ፕሮስፔክተር። በፈረስ ዘር ሐረግ «ግማሽ ወንድም» የሚባለው በእናት የሚገናኘው ብቻ ነው። ስማርት ስትራይክ የተባለው ፈረስ የዳንስ ስማርትሊ ግማሽ ወንድም የሆነው እናታቸው ክላሲ ኤንድ ስማርት ስለሆነች ነው። በአባቷ በዳንዚግ የሚገናኟትን ግን ማንም ወንድምና እህት አይላቸውም።