የለገሱት ገንዘብ ከግብር አልቀነስ ሲል፦ ለጅማ ደመወዝተኛና ነጋዴ

ጅማ ውስጥ መዋጮ የማይጠየቅበት ወር የለም። ሄርማታ ገበያ ያለው ባለሱቅም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛው እንደ አቅሙ ይሰጣል። የግብር ሕጉ ግን ሁለቱን በአንድ ዓይን አያያቸውም። ስለዚህ ክርክር ከመጀመርዎ በፊት ገቢዎ በየትኛው ሠንጠረዥ (ሕጉ ገቢን በየዓይነቱ በሚለይበት ክፍል) እንደሚታይ ይለዩ፤ ደመወዝ በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የንግድ ትርፍ በሠንጠረዥ «ሐ» ነው።

«በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ግብሩ ግን ንቅንቅ አላለም»

የደመወዝ ግብር የሚሰላው በጠቅላላ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ነው። ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ጡረታ እንኳ ግብር የሚሰላበትን ገቢ ዝቅ አያደርግም፤ ልገሳም እንዲሁ። በ2017 በወጣው ማሻሻያ መሠረት ደመወዝዎ 12,000 ብር ከሆነ ግብሩ 2,250 ብር ነው። ከዚያ ላይ 500 ብር ለበጎ አድራጎት ቢሰጡ ግብሩ ያው 2,250 ነው፤ ከኪስዎ የወጣው ግን ሙሉ 500 ነው።

ይህን የሚጠግን ደብዳቤም ማመልከቻም የለም። የደመወዝ ክፍሉን «ልገሳውን መጀመሪያ ቀንሰህ ግብሩን አስላልኝ» ብለው አያስቸግሩት፤ ጉድለቱ በምርመራ ሲገኝ ተጠያቂ የሚሆነው ቀንሶ ገቢ የማድረግ ግዴታ ያለበት ቀጣሪው ነው። ሊሠራ የሚችለው ሌላ መንገድ ነው፦ የሚሠሩበት መሥሪያ ቤት ትርፋማ የግል ድርጅት ከሆነ ልገሳውን በራሱ ስም እንዲሰጥ መጠየቅ። ያን ጊዜ ተቀናሹ (ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚነሳው ገንዘብ) የድርጅቱ እንጂ የሠራተኞቹ አይሆንም፤ ለተረጂው ግን ያው ነው።

ከደመወዝ ሌላ ንግድ ያላቸው ሰዎችም በዚህ ይሳሳታሉ። ከደመወዝ ሒሳብ የወጣን ገንዘብ በንግዱ መዝገብ ላይ መጻፍ አይቻልም። ልገሳው ከንግዱ የባንክ ሒሳብ፣ በንግዱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይውጣ።

«ነጋዴ ነኝ፤ ግን ደረሰኙን የሚያይልኝ አጣሁ»

ደረጃዎን ይመልከቱ። በአዲሱ ማሻሻያ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ለ» ሆኖ በሽያጩ መጠን ይገብራል። ግብሩ ከሽያጭ ላይ ስለሚሰላ ወጪ የሚቀነስበት ቦታ የለውም፤ የኪራይ ደረሰኝ ቢያቀርቡም የልገሳ ደረሰኝ ቢያቀርቡም ለውጥ የለም። የልገሳ ተቀናሽ ጉዳይ በተግባር የሚመለከተው የሒሳብ መዝገብ የሚይዘውን ደረጃ «ሀ» ነው።

«ደረጃ ‹ሀ› ነኝ፤ መዝገብ አለኝ፤ ኦዲተሩ ግን ጣለብኝ»

አብዛኛው ጣጣ ያለው እዚህ ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ልገሳ ተቀናሽ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው፦ ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ማኅበር ሲሰጥ፣ አለዚያም መንግሥት አገርን ለመከላከል፣ ለአደጋ፣ ለወረርሽኝና ለመሰለው ምክንያት ላቀረበው ጥሪ ምላሽ ሲሰጥ። ከእነዚህ ውጪ የተሰጠው ጽድቅ ነው፤ ተቀናሽ ግን አይደለም። ለታመመ ጎረቤት፣ ለዕድር፣ ለመስጊድ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የተሰጠ በመዝገቡ አይያዝም። ዘካና አሥራትም እንዲሁ፤ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትምና። የእምነት ተቋሙ ለብቻው የተመዘገበ የልማት ወይም የእርዳታ ድርጅት ካለው ግን ገንዘቡን ለዚያ ሰጥተው ደረሰኙን ከዚያ ይቀበሉ። ከመስጠትዎ በፊት የምዝገባ ምስክር ወረቀቱን ቅጂ ይጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም፤ በአግባቡ የሚሠራ ድርጅት ቅጂውን ይሰጣል።

ቀጥሎ ደረሰኙ ራሱ። አንዳንዱ ደረሰኝ ላይ በሰጪ ስም ቦታ «አጂፕ፣ ከባለሱቁ» ተብሎ ይጻፋል። አጂፕ ሰፈር ስንት ባለሱቅ አለ? ሙሉ ስምዎ ወይም የንግድ ስምዎ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ፣ ቀኑ፣ የብሩ መጠን፣ የተቀባዩ ማኅተም በግልጽ ይታይ። በጥሬ ገንዘብ ከመስጠት በባንክ ማስተላለፍ ይሻላል፤ የባንኩ ወረቀት ሁለተኛ ምስክር ይሆናል።

በዓይነት ሲሰጡ ጥንቃቄው ይበዛል። ሁለት ኩንታል ቡና ሰጥተው ደረሰኙ «ቡና» ብቻ ቢል ኦዲተሩ ምን ይቀንስልዎ? መጠኑ፣ የቡናው ዓይነትና ደረጃ፣ ዋጋው ይጻፍ፤ ከመጋዘን የወጣበትን ሰነድም አያይዙ። አለዚያ ቡናው ከክምችት ጎድሎ ይገኝና ያልተመዘገበ ሽያጭ ነው ይባልብዎታል፤ ሰጥቶ መጠርጠር ይሏል ይህ ነው።

«ሁሉም ትክክል ነው፤ የተቀነሰልኝ ግን ከፊሉ ብቻ ነው»

ጣሪያ አለው፦ በዓመቱ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ። ግብር የሚከፈልበት ገቢዎ 400,000 ብር ከሆነ የሚያዝልዎ እስከ 40,000 ነው። 65,000 ሰጥተው ከሆነ 25,000 ብሩ አይቀነስም፤ ግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ ጋር ተቆጥሮ ግብር ይሰላበታል። በኪሳራ ዓመት ደግሞ ጣሪያው ባዶ ነው። የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚያበቃ፣ ትልቅ ልገሳ ያሰበ ነጋዴ ተቀባዩ ከተስማማ ከፊሉን በሰኔ፣ ከፊሉን በሐምሌ ቢሰጥ ልገሳው በሁለት የግብር ዓመት ላይ ይከፋፈልለታል። ደረሰኞቹ ግን ገንዘቡ በእርግጥ የተሰጠበትን ቀን ይያዙ።

40,000 ተቀነሰ ማለት ደግሞ 40,000 ተመለሰ ማለት አይደለም። ገቢዎ 35 በመቶ በሚከፈልበት እርከን ላይ ካለ የሚድንልዎ 14,000 ብር ነው። ለግብር ሲል የሚለግስ ሰው ሒሳቡን አላወቀም።

ውሳኔው ስህተት ነው ብለው ካመኑ

የግብር ውሳኔው በደረሰዎ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ይህ በታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 የተቀመጠ ነው። በቃል «እናየዋለን» የሚል መልስ ቀኑን አያቆመውም። ጅማ ያለ ግለሰብ ነጋዴ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት የሚገብረው ለክልሉ ስለሆነ፣ ወደ ከተማው ገቢዎች ሲሄዱ የፌዴራሉን አዋጅ ብቻ ሳይሆን የኦሮሚያን የገቢ ግብርና የታክስ አስተዳደር አዋጆችም ይዘው፣ አንቀጹን ከእነርሱ ጠቅሰው ይጻፉ። ከማመልከቻው ጋር የደረሰኙን፣ የባንኩን ወረቀትና የድርጅቱን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ቅጂ ያያይዙ፤ ዋናዎቹ እጅዎ ላይ ይቆዩ።