አስማት ባለበት ልቦለድ ገዳዩን ያገኘሁት በ«ለምን» ነው

ችግሩ ይሄ ነበር፦ የወንጀል ልቦለዴን ረቂቅ ያነበቡልኝ ሁሉ «በግድግዳ ማለፍ ከተቻለማ ጠንቋዩን ማንም ሊገድለው ይችላል» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

መጀመሪያ የአስማት ሕጎች ጨመርኩ። ታሪኩ መመሪያ መሰለ። ቀጥሎ እንግሊዛዊው የመርማሪ ልቦለድ ደራሲ ሮናልድ ኖክስ በ1929 እ.ኤ.አ. ለመርማሪ ልቦለድ ባወጣው ሕግ መሠረት ከተፈጥሮ በላይ የሆነውን ሁሉ አወጣሁ። የታሪኩ ነፍስም አብራ ወጣች።

የሠራልኝ «እንዴት»ን ትቼ ከ«ለምን» መነሳቴ ነው። ሟቹ ጠንቋይ የሙታንን ድምፅ በጠርሙስ ያስቀምጣል። አንዲት እናት የልጇን ድምፅ ለመስማት በየወሩ ትከፍለዋለች። አንድ ቀን ጠርሙሱን ለሌላ ሸጠው። በቃ! በግድግዳ የሚያልፉ አሥር ሰዎች አሉ፤ እንዲህ የተጎዳች ግን እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ፍንጩን ወደ ኋላ ተመልሼ ምዕራፍ 2 ላይ አስገባሁት፤ በመደርደሪያው አቧራ ላይ የቀረውን የጠርሙስ ክብ ምልክት በጣቷ ቀስ ብላ ትዳብሰዋለች።