በ11 ገጽ 4 ሬሳ፦ ገጸ ባሕሪን በመከራ ስናሳድግ የምንሠራቸው ስህተቶች

አንድ ወዳጄ አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብለን የልብ ወለድ ረቂቁን አቀበለኝ። ማኪያቶዬ ሳይቀዘቅዝ አባትየው ሞተ። ገጽ 4 ላይ እናትየው ተከተለች። ገጽ 7 ላይ ታናሽ እህትየውን ሚኒባስ ገጫት። አራተኛዋ አያትየው ናት፤ ገጽ 11። ቀና ስል ወዳጄ ፊት ፊቴን ያያል። እንባ እየጠበቀ ነው። እኔ ደግሞ በሆዴ «አሁን የቀረው ማነው?» እያልኩ ነበር።

የረቂቁ ዋና ሰው ማስረሻ ይባላል። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በማስረሻ ጉዳይ ከወዳጄ ጋር ስንት ጊዜ እንደተጨቃጨቅን አትጠይቁኝ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጭቅጭቅ የተረፈ ነው። ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን እኔም ሠርቻቸዋለሁ፤ መሳቢያዬ ይመስክር።

መከራን መደራረብ

የመጀመሪያው ሞት ያስደነግጣል። ሁለተኛው ያሳዝናል። ሦስተኛው ላይ አንባቢው መቁጠር ይጀምራል።

ረቂቅ ሳነብ ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ደጋግሜ የምጽፋት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ምን ጎደለበት?» ማስረሻ አባቱ በሞተ በሳምንቱ እንደ ድሮው ይነሣል፣ እንደ ድሮው ሻይ ይጠጣል፣ እንደ ድሮው ይቀልዳል። የቤት ኪራዩን ማን ከፈለ? የአባትየውን ጫማ ማን ወሰደው? ማታ በሩን ማን ይቀረቅራል? ይህ ሁሉ ካልተነካ አባትየው የሞተው እኛን ለማስለቀስ ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ እዚያው ረቂቅ ውስጥ ወዳጄ ራሱ ልብ ያላላት አንዲት አንቀጽ ነበረች። ማስረሻ ለሥራ ፈተና ሜክሲኮ መድረስ አለበት። ኪሱ ያለው ለአንድ ጉዞ ብቻ የሚበቃ ብር ነው። ፒያሳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያሰላል። መሄጃው ቁልቁለት ነው፤ በእግር ይቻላል። ግን ፀሐዩ ከሯል፣ ላብ በላብ ሆኖ ፈታኞቹ ፊት ሊቀርብ ነው። ከተሳፈረ ደግሞ ሲመለስ የቸርችልን ዳገት በባዶ ሆዱ ይወጣዋል። የሸሚዙን ኮሌታ በጣቱ ይዳስሳል። ደህና ሸሚዙ እሱ ብቻ ነው። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሱ ቆሞ ቀረ፤ ከኋላው ያለችው ሴትዮ «ትሄዳለህ አትሄድም?» አለችው።

እኔን የያዘችኝ ያቺ ኮሌታ ናት። አራቱን ሬሳ ረስቻቸዋለሁ።

«የአርባ ቀን ዕድሉ ነው»

ችግሩ ሁሉ ከላይ የሚወርድበት፣ ራሱ ግን እጁን የማያስገባበት ገጸ ባሕሪ ያሳዝነናል እንጂ አያስጨንቀንም። መንግሥት በደለው፣ ዘመድ ከዳው፣ ዝናብ መታው። እሱስ ምን አደረገ?

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቡ። በዛብህን ወላጆቹ ገና በልጅነቱ ተስለው ለቤተ ክርስቲያን ሰጥተውታል። ሰብለ ወንጌልን ደግሞ የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ባል አሳጥቷታል። እስከዚህ ድረስ የአርባ ቀን ዕድል ነው እንበል። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱም ምን እንደሚያስከፍላቸው እያወቁ ፍቅራቸውን ይመርጣሉ። አንባቢው እንቅልፍ የሚያጣው እዚያ ላይ ነው።

ማስረሻ ግን ምንም አያጠፋም። ወዳጄን «እስቲ አንድ ጥፋት ስጠው» አልኩት። ቅር አለው። ልጁን ይወደዋላ። ብዙ ካንገራገረ በኋላ አንድ ነገር መጣለት፦ እናቱ ለእድር ክፈል ብላ በየወሩ የምትሰጠውን ብር ጓደኞቹን ቢራ ይጋብዝበታል። አምስት ወር ሙሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ በኋላ ነው ልጁን መውደድ የጀመርኩት።

ብቻውን የሚያለቅስ ሰው

ይህኛው ስህተት ከሁሉ ይበልጥ ያናድደኛል። የኛ ሰው ሲከፋው መስኮት ስር ቆሞ ዝናብ እያየ ብቻውን ያለቅሳል። ከየት እንዳመጣነው እንጃ፤ ከፊልም ይመስለኛል። አዲስ አበባ ውስጥ ማን ነው ብቻውን እንዲያለቅስ የተፈቀደለት?

ለቅሶ ቤት አስቡ። ገና ሬሳው ሳይወጣ የእድሩ ድንኳን ይተከላል። አግዳሚ ወንበር ይደረደራል። ሴቶቹ ጓዳ ገብተው ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ አንዱ ንፍሮ ያዞራል፣ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል። ሐዘንተኛው ሽንት ቤት ልሂድ ቢል ሁለት ሰው ይከተለዋል። ሰው አታልቅስ ይለዋል፣ ደግሞ ሳያለቅስ ሲቀር ያማዋል። እንግዲህ እዚህ መሀል የሚሆነውን ጻፉ። ብቻውን መሆን ፈልጎ ያጣ ሰው፣ ለቅሶ ደራሹ ካርታ ሲጫወት የሚበሽቅ ልጅ፣ የአባቱን ዕዳ ከድንኳኑ ጀርባ በሹክሹክታ የሚሰማ ልጅ። ከዝናብና ከመስኮት ይልቅ እዚህ ብዙ ነገር አለ።

ብቸኝነት ከፈለጋችሁም ከየት እንደመጣ አሳዩ። ወዳጄ ማስረሻን ዛሬም ዶሮ ማነቂያ ያኖረዋል፤ ጠዋት ጠዋት እዚያው ሠፈር ሻይ ያጠጣዋል። የቱ ሠፈር? በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሠፈሩ ፈርሶ ሰው ተበትኗል። ለአንድ ደራሲ ይህ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ቤት ሲፈርስ እድርም ይበተናል። ቡና የሚጠራሩት ሴቶች አንዷ በአንዱ ጫፍ ኮንዶሚኒየም፣ ሌላዋ በሌላው ጫፍ ይሆናሉ። እዚያ ሰው ቢሞትበት፣ ማስረሻ በእርግጥም ብቻውን ሊያለቅስ ይችላል። ምክንያቱንም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ከአሜሪካ የመጣው አጎት

ችግር በአጋጣሚ ቢጀምር አንባቢ ይቀበላል። በአጋጣሚ ሲያልቅ ግን መጽሐፉን ይወረውረዋል። ከ200 ገጽ መከራ በኋላ ከአሜሪካ ሀብታም አጎት መጣለት? ዲቪ ደረሰው? ዲቪ በሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ የተመደበለት የአሜሪካ ዕጣ ነው፤ ሲሞላው የኖረው ሰው ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ነው። ሊደርስ ይችላል፣ አዎ። ግን መጀመሪያ ላይ ይድረሰው፤ ከዚያ እናቱን ትቶ ይሂድ አይሂድ እንይ።

ከየረቂቁ የማትጠፋዋን ክፉ አከራይንም እግረ መንገዴን ላንሳ። ኪራይ ስትጨምር ለምን እንደጨመረች አንድ ዓረፍተ ነገር ስጧት። በቂ ነው።

በአንድ ሌሊት መብሰል

ምዕራፍ 8 ላይ ማስረሻ ቴዎድሮስ አደባባይ፣ መድፉ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለሁለት ገጽ ያህል ለራሱ ንግግር ያደርጋል። «ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ነኝ» ይላል። ቁርጥ አነቃቂ ተናጋሪ። በማግስቱም እውነትም ሌላ ሰው ሆኖ ያርፈዋል።

ንግግሩን በሙሉ ሰረዝኩት። በምትኩ ወዳጄን «ምዕራፍ 2 ላይ ወዳለው የቢራ ጠረጴዛ መልሰው» አልኩት። ያኔ ጓደኞቹ «ጋብዘን እንጂ» ሲሉት እምቢ ማለት አቅቶት ነበር። አሁንም እነዚያው ጓደኞች፣ ያው ቢራ። «ዛሬ የለኝም» ይበል። ጆሮው ይቅላ። አንዱ ይሳቅበት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተሸንፎ ይጋብዝ፤ ሰው ነዋ። በሦስተኛው ምን እንደሚያደርግ ለማየት አንባቢው ገጽ ይገልጣል። ማስረሻ ስለ መለወጡ ትንፍሽ ማለት የለበትም።

አዲሱ ረቂቅ ባለፈው ወር ደረሰኝ። ከሞቱት ሦስቱ ተነሥተዋል፤ አባትየው ብቻ ቀርቷል። የሠፈሩ ሰው ከመበተኑ በፊት እድሩ የመጨረሻ ስብሰባውን ተቀምጧል። ድንኳኑ ማን ጋ ይሁን፣ ብረት ድስቶቹስ የሚል ክርክር ተነሥቷል። ዳኛው ዓይናቸው ደክሟልና ማስረሻ መዝገቡን ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ጠይቀውታል። ስም በስም ሲያነብ ቆይቶ እናቱ ስም ላይ ደረሰ። አምስት ወር ባዶ። እናቱ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች።

ያነበዋል ወይስ ይዘለዋል? ወዳጄ ሳምንታት ሆነው፣ አልወሰነም። ትናንት ማታ ደወለልኝ።

«የእድር መዝገብ ባለ መስመር ነው አይደል?»

«ባለ መስመር ነው» አልኩት። ዘጋው።