የፐርል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ጀማሪዎች፣ ፎርኢች (foreach፣ ዝርዝርን አንድ በአንድ የሚያዞረው ሉፕ) ላይ ይቺን እወቁ

ትናንት ማታ ከዚራ ዛፍ ስር ቁጭ ብዬ፣ የድሬ ሙቀት ቀን ላይ መች ያሠራል፣ ለአክስቴ የቀፊራ ሱቅ የዋጋ ዝርዝር በፐርል እየሠራሁ ነበር። አሬዩ (ዋጋዎቹ በተርታ የተቀመጡበት ዝርዝር) ውስጥ 40፣ 60 እና 100 አለ። በፎርኢች እየዞርኩ የሉፑን ተለዋዋጭ፣ ማለትም በየዙሩ አንዱን ዋጋ የሚይዘውን፣ እዛው በ2 አባዛሁትና ስክሪን ላይ አወጣሁት። ከዛ ዋናውን አሬይ ሳየው 80፣ 120፣ 200 ሆኖ ቁጭ! ለካ ተለዋዋጩ ቅጂ አይደለም፣ ራሱ የአሬዩ አባል ነው፣ እሱን ከነካችሁት ዋናውም አብሮ ይቀየራል። ዋናው እንዳለ እንዲቆይ ከፈለጋችሁ ሉፑ ውስጥ በ“ማይ” (my) ቃል ሌላ ተለዋዋጭ ፍጠሩ፣ ዋጋውን ገልብጡበት፣ ስሌቱን እሱ ላይ ሥሩ። ሆን ብላችሁ ሁሉንም ለመቀየር ከሆነ ግን አሪፍ አቋራጭ ነው። ደግሞ እየዞራችሁበት ባለው አሬይ ላይ አባል አትጨምሩ፣ አትቀንሱም።