ርካሹን ውስኪ የሚያበላሹብን ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አረቄ እዚህ ለምን እንደሚወደድ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አሁን አሁን ደግሞ ውስኪም በየቤቱ ገብቷል። ሰርግና ምርቃት ላይ ይቀርባል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድም ሻንጣው ውስጥ አንድ ጠርሙስ አያጣም።

እኔ ውስኪ እወዳለሁ። አቅሜ የሚፈቅደው ግን ከመደርደሪያው ታች ያለውን ነው። የስኮትላንዱ ሬድ ሌብል፣ የአሜሪካው ቦርቦን (በቆሎ የሚበዛበት ውስኪ) ጂም ቢም፣ ሲገኝ የአየርላንዱ ጀምሰን። እነዚህ ጥሩ መጠጦች ናቸው። ብዙ ሰው ግን ሳያጣጥማቸው ያልፋቸዋል፤ ወይ ራሱ አበላሽቷቸው በጠርሙሱ ያሳብባል። በየቤቱና በየግሮሰሪው የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ዋጋውን ከጣዕሙ ጋር ማምታታት

የምንከፍለው ለሚጠጣው ብቻ አይደለም። ጠርሙሱ፣ ካርቶኑ፣ ማስታወቂያው፣ ጉምሩኩና ኤክሳይዝ ታክሱ ሁሉ ዋጋው ውስጥ አለ። ከሁሉም በላይ ዋጋ የሚሰቅለው ግን እጥረት ነው። ፓፒ ቫን ዊንክል የሚባለውን ቦርቦን ውሰዱ። አሜሪካ ውስጥ አንዱ ጠርሙስ በሺህ ከሚቆጠር ዶላር በላይ ሲሸጥ ይታያል። የሚሠራው ኬንታኪ በሚገኘው ቡፋሎ ትሬስ ፋብሪካ ነው። ዌለር የሚባለውም ከዚያው ፋብሪካ፣ በቆሎና ስንዴ ካለበት ከዚያው ቅይጥ ይወጣል። ልዩነታቸው የበርሜል ምርጫና ዕድሜ ነው። ያ ልዩነት አይታወቅም አልልም። የዋጋውን ልዩነት ያህል ግን አይጥምም።

ጠርሙሱን ቡፌ ውስጥ ማስረጀት

ይህኛው በጣም ያሳዝነኛል። አጎቴ ቤት ቡፌ ውስጥ አንድ ብላክ ሌብል ነበር። የመጣው እኔ ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። «ይቆይ፣ ሲቆይ ይጥማል» ይል ነበር ጋሼ። የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ስመለስ ነው። ቡፌው መስኮት ፊት ለፊት ስለነበር ቀለሙ ገርጥቷል፤ ከአፉም ጎድሎ ነበር። ያንን ሁሉ ዓመት ሰው ሳይጠጣው ቀረ።

ውስኪ የሚበስለው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ዕድሜ አይቆጥርም። 12 ዓመት የሚለው ብላክ ሌብል ሃያ ዓመት ቡፌ ውስጥ ቢቀመጥ ያው 12 ነው።

በርሜል ውስጥ የሚቆየውም ቢሆን ብዙ ስለቆየ ብቻ አይጥምም። ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ፣ ጣርማ በርን አልፋችሁ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ መንገድ ላይ ጃኬታችሁን ታወልቃላችሁ። ስኮትላንድን እንደ ደብረ ብርሃን፣ የኬንታኪን በጋ እንደ ሸዋ ሮቢት አስቡት። ሙቀት መጠጡን ወደ እንጨቱ ውስጥ ይገፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ያወጣዋል። በዚያ ላይ ቦርቦን በሕግ የሚቀመጠው ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ ዕቃ ውስጥ ነው። ስኮች፣ ማለትም የስኮትላንድ ውስኪ፣ የሚሠሩት በአብዛኛው የሚጠቀሙት ከዚህ በፊት ሌላ መጠጥ የነበረበትን በርሜል ነው። ስለዚህ አራት ዓመት የቆየ ጂም ቢም ጥሬ አይደለም። እንጨቱን ቶሎ ጠጥቶታል። ቦርቦን እዚያ ሙቀት ውስጥ ከልክ በላይ ከቆየ እንጨት እንጨት ማለት ይጀምራል። ዕድሜ ዋጋ የሚጨምርበት አንዱ ምክንያት ደግሞ ትነት ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ከበርሜል በዓመት ወደ 2 በመቶ ገደማ ይተናል። «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል። የጎደለውን የምንከፍለው እኛ ነን።

የጠላ ጋን በወይራ ሲታጠን ያደገ ሰው ይህ ሁሉ አይከብደውም። ዕቃው ለመጠጡ ምን እንደሚሰጥ እናቶቻችን ያውቁታል።

እንደ አረቄ መገልበጥ

አረቄ በመለኪያ ይቀዳል፣ አንዴ ይጨለጣል፣ ቆሎ ይከተላል። ብርዱ ሲጠና እኔም አደርገዋለሁ። ውስኪን እንዲያ ስታደርጉት ግን ገንዘብ የከፈላችሁበት ነገር ሳይነካችሁ ወደ ሆድ ይወርዳል። የሚቀረው ማቃጠሉ ብቻ ነው። ከዚያ «ርካሽ ስለሆነ አቃጠለኝ» ይባላል።

አክስቴ አረቄ ታወጣለች። ከገብስ ብቅል፣ ከጌሾ። ዳግሙ ሲወጣ ጠብታውን መዳፏ ላይ አድርጋ ታሻለች፣ ከዚያ ታሸታለች። አንድ ቀን ቀድሜ ልጨልጥ ስል «አንተ ልጅ፣ ምን አስቸኮለህ? መጀመሪያ አሽትተው» አለችኝ። ውስኪ መጠጣት የጀመርኩት ያን ቀን ነው ማለት እችላለሁ። የስኮትላንድ የብቅል ውስኪም እኮ ከገብስ ብቅል ነው፣ በአብዛኛው ሁለቴ ይወጣል። ጀምሰን ሦስቴ። ቦርቦን ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ነው። እኛ የብቅልን ሽታ ከልጅነት የምናውቅ ሰዎች ነን።

ስታሸቱ አፋችሁን ትንሽ ክፈቱ፤ አፍንጫችሁንም ብርጭቆው ውስጥ አትክተቱ። ቦርቦን ላይ ቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳር፣ የእንጨት ሽታ ፈልጉ። ከዚያ በጣም ትንሽ ጎንጨት አድርጉ። የመጀመሪያው ጉንጭ ሁልጊዜ ያቃጥላል። ፍርዳችሁን ለሦስተኛው አቆዩት። ለዚህ የሚሆን የፈረንጅ ብርጭቆ መግዛት አያስፈልግም። ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ የሆነው የጠጅ ብርሌ ሽታ አምቆ ይይዛል። ታች ብቻ ቅዱበት። እኔ በእሱ ነው የምጠጣው።

አንድ ነገር ልጨምር። በርበሬ የበዛበት ወጥ በልታችሁ ወዲያው ውስኪ አትቅመሱ። ምላስ ከተቃጠለ ሬድ ሌብልም ውዱ ብሉ ሌብልም አንድ ነው።

በረዶ መሙላት፣ ውሃ መፍራት

አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስላየን ብቻ ደብረ ብርሃን በሐምሌ ብርጭቆውን በበረዶ እንሞላለን። ቅዝቃዜ ሽታን ይገድላል፤ ጣዕሙንም ያደነዝዛል። እዚህ ጠርሙሱ ራሱ ከቡፌ ሲወጣ ቀዝቃዛ ነው። ይልቅ ብርሌውን ለአምስት ደቂቃ በእጃችሁ አሙቁት።

ውሃ ግን ወዳጅ ነው። «ውሃ የገባበት ውስኪ ውስኪ አይደለም» የሚሉ አሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አስቀድሞ ውሃ ገብቶበታል እኮ። ቦርቦን በርሜል ውስጥ ሲገባ እስከ 62.5 በመቶ አልኮል ሊኖረው ይችላል። በ40 የሚሸጥልን በውሃ ወርዶ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር ስሌት እንዳሳዩት ውሃ ሲጨመር የጭስ ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር ወደ መጠጡ ገጽ ይወጣል። በሻይ ማንኪያ ጥቂት ጠብታ ጨምሩና ደግማችሁ አሽቱ። ልዩነቱን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። አምቦ ውሃ የሚወድም ይጨምር። ኮካውን ግን ለጠርሙሱ መጨረሻ አቆዩት።

ለብርዱ ደግሞ ይህን ሞክሩ። ብርጭቆ ውስጥ አንድ መለኪያ ተራ ውስኪ፣ አንድ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ሎሚ፣ ሁለት ቅርንፉድ፣ ከላይ የሞቀ ውሃ። ውድ ውስኪ እዚህ ላይ ማባከን ነው። ጀምሰን ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል።

መለያውን አለማንበብ

«ስትሬት ቦርቦን» የሚል ካለ ቢያንስ 2 ዓመት በርሜል ውስጥ ቆይቷል፤ ቀለምም አልተጨመረበትም። «ቦትልድ ኢን ቦንድ» የሚል ካገኛችሁ አንሱት። በ1897 እ.ኤ.አ. በወጣ የአሜሪካ ሕግ መሠረት የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ወቅት ምርት፣ ቢያንስ 4 ዓመት የቆየና 50 በመቶ አልኮል ያለው ነው። በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ርካሽ ጠርሙሶች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ከዚያ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ካላችሁ ይህን ንገሩት። ስኮች የተባለ ሁሉ ቢያንስ 3 ዓመት ቆይቷል። «የውስኪ ጣዕም ያለው» የሚል ጽሑፍ ያለበት ግን ውስኪ አይደለም። በእሱ ቀምሳችሁ ርካሽ ውስኪን አትጥሉ።

ርካሽ ፍለጋ አጉል ቦታ መግባት

ርካሽና አጠራጣሪ አንድ አይደሉም። አንድ ጊዜ ከመንገድ ዳር ሱቅ ታዋቂ ውስኪ በግማሽ ዋጋ ገዛሁ። ክዳኑ ሲከፈት አልተንቀጫቀጨም፤ ቀለበቱ ቀድሞ ተበጥሶ ነበር። ሽታው የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነበር። ደፋሁት። ገንዘቡ አንገብግቦኛል፤ ግን እንዲህ ባለ መጠጥ ውስጥ ሊገኝ የሚችለው ሜታኖል የሚባል መርዛማ አልኮል የዓይን ብርሃን ይወስዳል፣ ይገድላልም። እንዲህ ያለ ነገር የጠጣ ሰው ዓይኑ ከደበዘዘ፣ ካስታወከ፣ ራሱን ክፉኛ ካመመው እስኪነጋ አይጠበቅም። ወዲያውኑ ሐኪም ቤት ነው። ከምታውቁት ሱቅ ግዙ፣ ክዳኑን እዩ። ባዶውን ጠርሙስ ለቁራሌው ስትሰጡም መለያውን ልጣችሁ ስጡ፤ መልሶ የሚሞላው ሰው አለ።

ስለ አቀማመጥ ብዙ የሚባል የለም። ጠርሙሱ ይቁም፣ እንደ ወይን አይጋደም። ፀሐይ አያግኘው። ከግማሽ በታች ከወረደ በጥቂት ወራት ውስጥ ጨርሱት።

በዓይን መቅመስ

የመጨረሻው ይህ ነው፤ ከባዱም እሱ ነው። መለያውን እያየን ስንጠጣ ምላሳችን ለዋጋው ይሰግዳል። ባለፈው ጥር ሦስት ጓደኛሞች አዋጥተን ሦስት ጠርሙስ ገዛን፤ ሬድ ሌብል፣ ጂም ቢምና አንድ የ12 ዓመት ስኮች። የአንደኛው ባለቤት ከጓዳ ሆና በቡና ስኒዎች ቀዳችልን፤ የስኒዎቹ ግርጌ ላይ ቁጥር ጽፋለች። ከእያንዳንዱ አንድ ጉንጭ፣ መሃል ላይ ውሃና ቆሎ። ማንም አልሰከረም፤ መኪና ይዞ የመጣም አልነበረም።

ስኒዎቹ ሲገለበጡ ሁለታችን ጂም ቢምን አንደኛ አድርገነዋል። ሦስተኛው ጓደኛችን የ12 ዓመቱን መረጠ፤ ከእንግዲህም ለእሱ ቢከፍል ደስ እያለው ነው። እኔ ለጂም ቢሙ የሰጠሁት ምክንያት ወረቀቴ ላይ አሁንም አለ፦ «የተቆላ በቆሎ፣ ማር፣ ትንሽ የታጠነ ጋን»።