ሰባቷ ጥቁር ስትመስል፦ የፑል ኳስ ቀለም ችግርና መፍትሄ

ጨርቅ ልቀይር፣ ጠረጴዛ ላስተካክል እየተባልኩ ብዙ ፑል ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ። ሥራዬን ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ ባለቤቱ ጠጋ ይልና «እግረ መንገድህን እነዚህን ኳሶች እያቸው እስቲ» ይለኛል። ቅሬታው ሁሌም አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ቀለማቸው ተመሳሰለ።

ኳሱን አጥባችኋል፣ ቁጥሩን ገልብጣችሁ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ቀለሙንም ታውቁታላችሁ፦ 1 ቢጫ፣ 2 ሰማያዊ፣ 3 ቀይ፣ 4 ወይን ጠጅ፣ 5 ብርቱካንማ፣ 6 አረንጓዴ፣ 7 ጠቆር ያለ ቀይ፣ 8 ጥቁር። ከ9 እስከ 15 ያሉት ያንኑ ቀለም በነጭ ላይ በመስመር ይደግሙታል። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። አንዱ ወይን ጠጅ ሲል 4ን ነው፣ ሌላው 7ን። ስለዚህ እኔ 7ን ዳማ እላታለሁ፣ እንደ ፈረሱ። ከዚህ በታች ዳማ ስል እሷን ነው።

ምልክት፦ 3፣ 7 እና 8 አይለዩም፤ 2 እና 4ም አንድ ሆነዋል

ባለቤቱ «ኳሱ ደብዝዟል፣ አዲስ ልግዛ?» ይላል። አትግዛ። ኳሶቹን ያዝና በር ላይ ውጣ።

ቀን ላይ 2፣ 3፣ 4፣ 7 እና 8ን አውጡና ነጭ ወረቀት ላይ ደርድሯቸው። ውጭ አምስቱም ተለይተው፣ ውስጥ ሲገቡ ከተመሳሰሉ ጥፋተኛው መብራቱ ነው። ውጭም ከተመሳሰሉ ኳሱ ነው። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አትፍረዱ። ስልክ ቀለሙን በራሱ ያርመዋል፤ ዓይናችሁ ያላየውን ያሳያችኋል፣ ያየውን ይደብቃችኋል።

ይህን ሙከራ ሳሠራ ብዙውን ጊዜ የሚፈረድበት መብራቱ ነው።

ኳስ የራሱ ብርሃን የለውም። ከአምፖሉ የተቀበለውን ነው የሚመልሰው። ቀይ ኳስ ቀይ ሆኖ የሚታየው አምፖሉ ውስጥ ቀይ ብርሃን ካለ ነው። ርካሹ ነጭ ኤልኢዲ ሰማያዊ ይበዛበታል፣ ጥልቁ ቀይ ያንሰዋል። ግድግዳው ነጭ ሆኖ ይታያል፣ የሰው ሸሚዝም ነጭ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ኳሶቹ ላይ ግን ጉዱ ይወጣል። 3 ትጠቁራለች። ዳማዋ ከመጀመሪያውም ጠቆር ያለች ስለሆነች ወደ 8 ትጠጋለች። 4 የቀይና የሰማያዊ ድብልቅ ናት፤ ቀዩ ሲያንስባት የሚቀራት ሰማያዊው ነው፣ 2 ሆና ቁጭ ትላለች።

አንድ ምሽት ስልክ ተደወለልኝ። «ድረስልኝ፣ ልጆቹ ሊደባደቡ ነው።» ሰውየው ቤቱን አድሶ ጣሪያውን ዙሪያውን ሰማያዊ ስትሪፕ መብራት አስሮበታል። ነጩን አምፖል «ውበቱን ያጠፋብኛል» ብሎ አጥፍቶታል። ስገባ ቤቱ እንደ ዓሣ ገንዳ ሆኗል። በዚያ ብርሃን ሦስት ኳሶች ጥቁር ሆነዋል። አንዷ 3፣ አንዷ 7፣ አንዷ እውነተኛዋ 8 ነች። በስቲክ የምትመታዋ ነጯ ደግሞ ሰማያዊ ሆና 2ን መስላለች። አንዱ ልጅ 3 መስላው 8ን ከቷታል። ያለጊዜዋ 8ን የከተተ ተሸነፈ፣ ተሸናፊ ደግሞ ሂሳብ ከፋይ ነው። ልጁ አልከፍልም ብሏል።

«ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱ» አለና ጠረጴዛው ላይ ከቀሩት አንዷን አሳየው። «ይቺ ምንድን ናት?»

ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ አየ። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ስምንት ናት» አለ።

«ስምንትማ ገብታለች እኮ! ተሸነፍክ ያላችሁኝ በሷ አይደል?»

ገለበጥናት። ሰባት ናት። ሄጄ ነጩን አምፖል አበራሁት። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ዝም ብሎ ጠረጴዛውን አየ። ስትሪፑን ዛሬም አልፈታውም፤ ጨዋታ ሲኖር ግን ያጠፋዋል። እሱም ትልቅ ድል ነው።

ሌላው ደግሞ በተከታታይ ሁለት ሴት (ሙሉ የኳስ ስብስብ ማለቴ ነው) ገዝቶ ነው የጠራኝ። ሁለተኛውን ሴት ከሳጥኑ እንኳ በቅጡ አላወጣውም። «ሁለቱም ፎርጅድ ናቸው» ይላል። አምፖሉን ቀየርኩለት። ሁለቱም ደህና ሆኑ። ለኔ የከፈለኝ ለአንዷ ሴት ከከፈለው ጋር ሲተያይ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

መፍትሄው ይኸው። አምፖል ስትገዙ ዋቱን ብቻ አትጠይቁ። ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚነግረው እሱ ነው። 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ያዙት። 80 ከሆነ ለኮሪደር ይበቃል። ጭራሽ ካልተጻፈበት ሻጩን አትጠይቁት፣ «ኦሪጅናል ነው» ነው የሚላችሁ። የብርሃኑ ቃና ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን ቢሆን ጥሩ ነው። 6500 የተጻፈበት ሰማያዊ ይጫነዋል።

አንድ አምፖል መሃል ላይ ማንጠልጠልም አይበቃም። ባለ 9 ጫማ ጠረጴዛ የመጫወቻው ሜዳ 254 በ127 ሴንቲ ሜትር ነው። መሃሉ ያበራል፣ ማዕዘኑ ይጨልማል፣ ማዕዘን ላይ የቆመች ዳማ ደግሞ 8 ናት። ሦስት አምፖል በተርታ፣ ወይም ከጠረጴዛው ርዝመት ጋር የሚሄድ ረጅም መብራት አድርጉ። የዓለም ፑል-ቢሊያርድ ማኅበር ለውድድር ጠረጴዛ ቢያንስ 520 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይጠይቃል፣ ሜዳውም ጠርዙም ላይ። ከፍታውንም ወስኗል፦ ወደ ጎን የሚገፋ መብራት ከሜዳው ከ102 ሴንቲ ሜትር በታች አይወርድም፣ የማይገፋው ከ165 በታች አይወርድም። ዝቅ አድርጋችሁ ከሰቀላችሁት ስቲክ ይመታዋል። ተመትቶ አይቻለሁ። ስብርባሪ ብርጭቆ ከጨርቅ ላይ በእጅ መልቀም ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ።

አምፖሉን ሳትቀይሩ በፊት ደግሞ ሼዱን፣ የመብራቱን ሽፋን፣ ጥረጉት። ውስጡ አቧራና ቅባት ጠጥቶ ቡና የመሰለ ሼድ ያስቀመጡ አሉ። በዚያ ውስጥ ያለፈ ብርሃን ምን ዓይነት ቀለም እንዲያሳይ ትጠብቃላችሁ?

መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ መጫወት ደግሞ ለጨዋታው ድምቀት ነው። በሂሳብ ግን አትጫወቱ።

ምልክት፦ 4 ሮዝ ናት፣ 12 ግን ወይን ጠጅ መስመር አላት

ይህ ሁለተኛው የዘወትር ደንበኛዬ ነው። ተጫዋቹ 4 እና 12 የአንድ ቀለም ሙሉና ባለመስመር መሆናቸውን ለምዷል፤ ሲለያዩ ግራ ይገባዋል።

መነሻው ቴሌቪዥን ነው። ወይን ጠጇ 4 በስክሪን ላይ ጠቁራ ከ2 እና ከ8 ጋር ስለምትምታታ፣ ለቴሌቪዥን ውድድር የተሠሩ ሴቶች 4ን ሮዝ አደረጓት። በብዙዎቹ ዳማዋም ፈካ ያለች ቡኒ ሆነች። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ሙሉውን ሴት ከገዛችሁ 12 እና 15ም አብረው ይቀየራሉ፣ ችግር የለም።

ችግሩ የሚመጣው አንዷ ኳስ ስትጠፋ ነው። ኳስ ከጠረጴዛ ዘላ በበሩ ወጥታ ቦይ ትገባለች። ወይም አንዱ ለልጁ መጫወቻ ይወስዳታል። ባለቤቱ ገበያ ሄዶ «4 ቁጥር አላችሁ?» ይላል። ይሰጡታል። ቁጥሯን እንጂ ቀለሟን አላየም፤ መጠኗንማ ማን ያይለታል።

እዚህ ላይ ቀለሙ ምልክት እንጂ በሽታው አይደለም። ቀለሟ የተለየች ኳስ ከሌላ ሴት የመጣች ናት፣ ከሌላ ሴት የመጣች ኳስ ደግሞ መጠኗም ክብደቷም ሊለይ ይችላል። የአሜሪካው ፑል ኳስ ስፋቱ 57.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት 0.13 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። የእንግሊዝ ቤቶች ቀይና ቢጫ ኳስ ግን 51 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የስኑከሩ (ሌላው የጠረጴዛ ኳስ ጨዋታ) 52.5። እነዚህን ከአሜሪካው ጋር ቀላቅሎ ያስቀመጠ ሰው አጋጥሞኛል። «ትንሽ ታንሳለች እንጂ ትሄዳለች» አለኝ።

ለመለየት፦ የተጠረጠረችውን መሃል አድርጋችሁ ሦስት ኳሶች አስነክታችሁ በመስታወት ላይ አሰልፉ። ማስመሪያ ከላይ አጋድሙባቸው። መሃል ላይ ብርሃን ካሾለከ ኳሷ አንሳለች፤ ማስመሪያው ከተወዛወዘ በልጣለች። ለክብደቱ ወርቅ ቤት የሚሠራ ወዳጅ ካላችሁ ሚዛኑን ተዋሱት። ሌላው ምልክት ሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ስትደረድሯቸው ነው። የቱንም ያህል ብትገፉ አንድ ቦታ ክፍተት የማይዘጋ ከሆነ መሃላቸው እንግዳ አለች።

መፍትሄ? ያንኑ ሥሪት ካገኛችሁ አንዷን ተኩ። ካላገኛችሁ ሙሉ ሴት ግዙ፣ አሮጌውን ደግሞ አትጣሉት። ነገ የምትጠፋዋን ኳስ የምትተኩት ከዚያ ነው። የሁለት ሴት ትርፍራፊ አዋህዶ «ሙሉ ሴት» ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ግን... ይለፈኝ።

ምልክት፦ መስመሩ ተላጠ፣ ቁጥሩ ጠፋ

ምክንያቱ ርካሽ ኳስ ነው። ጥሩ ኳስ ፌኖሊክ ሬዚን ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራል፤ የቤልጂየሙ ኩባንያ ሳሉክ አራሚዝ ብሎ የሚያወጣው ይህንን ነው። መስመሩም ቁጥሩም ላዩ ላይ የተቀባ ሳይሆን ወደ ውስጥ የዘለቀ ነው። ቢፋቅም አይጠፋም። ርካሹ ፖሊስተር ሆኖ ላዩ ላይ የታተመ ይሆናል። ከመግዛታችሁ በፊት ጥፍራችሁን በመስመሩ ጠርዝ ላይ ሳቡት። እርከን ከነካችሁ ቀለም ነው፣ ይላጣል። ሳጥኑ ላይ የታተመውን ስም አትመኑ፣ ጥፍራችሁን እመኑ።

የተላጠውን በማርከር ወይም በጥፍር ቀለም አትቀቡ! ኳሱን አንድ ጎን ያከብደዋል፣ ጨርቁን ያቆሽሻል፣ እኔን ያናድዳል።

ምልክት፦ ሁሉም ፈዘዙ፣ ነጯ ቢጫ ሆነች

ነጯ ከዕድሜና ከፀሐይ ብርሃን የተነሳ ቢጫ ትላለች። በመስኮት አጠገብ አታስቀምጧት፤ ብሳ ቢጫ ከሆነች ለብቻዋ የምትሸጥ ጥሩ ነጭ አለች፣ መጠኗን አይታችሁ ግዙ። ሌሎቹ ከፈዘዙ ግን እጥበቱን እጠረጥራለሁ።

አንድ ቤት አዲሱ ሠራተኛ ለማስደሰት ብሎ ኳሶቹን ሌሊቱን በረኪና ውስጥ ዘፍዝፏቸው አደረ። ጠዋት የወጡት የተላጠ የተቀቀለ እንቁላል መስለው ነው። በረኪና አይሆንም። አልኮልም አይሆንም። ቤንዚን አይሆንም። አሴቶን በጭራሽ። የድስት ማሻሻ ሽቦ የተጠቀመ ሰው ደግሞ አለ፣ ከዚያ በኋላ ያ ቤት አልጠራኝም፣ እኔም አልሄድኩም። ለብ ባለ ውኃ ለስላሳ ሳሙና፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ፣ አለቀ። እንዲያብረቀርቅ ብላችሁ ቫዝሊን አትቀቡ፤ አቧራና ጠመኔ ሰብስባ ትመጣለች፣ ጨርቁም ቅባት ይጠጣል።

ምልክት፦ መብራቱ ጥሩ፣ ኳሱ ጥሩ፣ አንዱ ተጫዋች ብቻ ይሳሳታል

አትሳቁበት። ቀለም የመለየት ችግር ከሴት ይልቅ በወንድ ላይ በጣም ይበዛል፤ መነሻቸው ሰሜን አውሮፓ ከሆነ ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ አለበት። አብዛኛው ቀይና አረንጓዴ ነው የሚምታታበት። በፑል ላይ ዳማዋ ከ6፣ 4 ደግሞ ከ2 ጋር ትቀላቀልበታለች። እንግሊዛዊው ፒተር ኤብደን ይህ ችግር እያለበት በ2002 የስኑከር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በስኑከር ሕግ እንዲህ ያለ ተጫዋች ዳኛውን የኳሱን ቀለም መጠየቅ ይችላል። ፑል ቤትም ያንኑ ልማድ አድርጉ፦ ከመምታቱ በፊት «ይቺ ስንት ናት?» ካለ በእውነት ንገሩት። ሮዝ 4 ያለበት ሴት ደግሞ ለብዙዎቹ ከ2 ለመለየት ይቀላል።

የቀሩት

6 በአረንጓዴ ጨርቅ ላይ ከጠፋች መጀመሪያ መብራቱን አስተካክሉ። ሰማያዊ ጨርቅ ብታደርጉ 2 ናት የምትጠፋው።

1 እና 9 ከተምታቱ ብልሽት አይደለም። የ9 መስመር ፊት ለፊት ሲዞር ሙሉ ቢጫ ይመስላል። ዞር ብላችሁ በጎን እዩ።

6 እና 9 ቁጥራቸው ከተገለበጠ ሥራቸው ያለችውን ሰረዝ ተመልከቱ። ሰረዝ ከሌላቸው ርካሽ ናቸው፤ መስመር ያላት 9 ናት።

በሳንቲም በሚሠራ ጠረጴዛ ነጯ ተመልሳ ካልወጣች ቀለሟን ሳይሆን ዓይነቷን እዩ። ጠረጴዛው በማግኔት ወይም በመጠን ነው የሚለያት፤ ተራ ነጭ ካስገባችሁበት ከሌሎቹ ጋር ይውጣታል።

ኳሱ ከተሰነጠቀ በሙጫ አትጠግኑ። ጣሉት።